ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ቱሉ ዲምቱ

ጢሱ ገና ሳይነጋ ደረሰን ዛሬ፤
ገለባ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የሻገተ በርበሬ፣
የዓመቱ ጉድፍ በየብሎኩ ጥግ ተከምሮ፣
በሽታ ሊያባርር ይነድዳል፣ እንደ ድሮ።
እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ውሃ በሳምንት አንዴ።
ዝክሩ ዘንድሮ የእኔ ነው፣ በውዴም በግዴ፤
አባቴ ካለፈ ወዲህ ከቤቱ የደረሰኝ
አንድ የተሸረፈ ጽዋና አንድ ቀን፤ ቀኑ ነው የከበደኝ።

ምድር ቤት ሚሎራድ አለ፣ ሰርቢያዊው ጎረቤታችን፣
ለስድስት ወር ፓምፕ ሊተክል መጥቶ ዘጠኝ ዓመት ያደረ መካከላችን።
አማርኛው እንደ ቧንቧችን ነው፤ ይቆማል፣ ያንጠባጥባል፣
ደግሞ ባላሰብሽው ሌሊት በኃይል ይለቀቃል።
ክብሪት ፍለጋ ወርጄ በሩ ገርበብ ብሎ ባየው፣
ጠረጴዛው ላይ ጧፍ በርቷል፣ መስቀል የታተመበት ዳቦ አለው፣
ደግሞ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ንፍሮ።
ስንዴ። ስኳር የተነሰነሰበት።
"ማን ሞተብህ?" አልኩት።
"ማንም" አለኝ። ጥቂት ቆይቶ፣ "ሁሉም።"

"የቤታችን ቅዱስ ነው፤ ሚካኤል። ከአባት የሚወረስ።
ለእሱ ስንዴ አይቀቀልም ይላሉ፣ አይሞትምና መንፈስ።
እኔ የቀቀልኩት ለሚሞቱት ነው።" ጧፉን በመዳፉ ከለለ ከነፋስ።
"ባገሬ" አለ፣ "ሁለት ሰው አንድ ቅዱስ ካላቸው፣
መጀመሪያ የሚጠያየቁት ከየት እንደሆነ ዘራቸው።
ያንቺስ ማን ነው?"
ነገርኩት።
"እንግዲያ ዘመዴ ነሽ" ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁለት።

ደረጃው ላይ ግን ሳቄ ከኋላዬ ቀረ።
አንደኛው ፎቅ ላይ አባቴ፣ አሰግድ።
ሁለተኛው ላይ ሽብሩ፣ በቅሎ የሚወድ።
ሦስተኛው ላይ ደስታ።
አራተኛው የራሴ በር ነው፤ ቁልፍ እንጂ ስም የለው።

ለጋብቻ ሽማግሌ ሰባት ቤት ሲያስቆጥረኝ፣
አክስቴ በላይነሽ ነበረች ከጎኔ ሆና የታደገችኝ፤
አራት ስም ከራሷ ጨመረች፣ አንዱን ግራዝማች አርጋ፣
ማታ ግን ጓዳ ወሰደችኝ፣ በሹክሹክታ፣ በሩን ዘግታ፦
"ደስታ ጌቶች ያወጡለት ስም ነው። ከሩቅ ገበያ
በሰባት ዓመቱ የተገዛ። ከዚያ ወዲያ
አትጠይቂ። ክርስትና ያስነሡት በኅዳር ሚካኤል ነው፤
ቀኑ የእኛ የሆነው ለዚያ ነው። የእናቱን ስም ማን ጠየቀው።"

እና በደም አይደለም እኔ ዘንድ የወረደው መልአኩ፤
በውሃ ነው፣ በሽያጩ ማግሥት፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በልኩ
ባልተሰፋ ነጠላ ውስጥ አንድ ልጅ እየተንቀጠቀጠ።

ድፎውን ቆርሼ ተመልሼ ወረድኩ። ክብሪቱን ረስቼው ነበር።
ሚሎራድም የራሱን አወራኝ፦ የደብራቸው መዝገብ
በአያቱ ዘመን ጦርነት አመድ ሆኗል፤
ስድስት ስም ያውቃል፣ ሰባተኛው ላይ ጧፍ ያበራል።
ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ በወጋቸው ወራሽ ወንድ ነው።
"እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?" አልኩት።
ዝም ብሎ ቆየ። የድፎውን ቅርፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።
"ስልክ ልደውል" አለ።

ማታ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ፣ ቄሱ ባርከው ሲወጡ፣
ሚሎራድ በወረቀት የጠቀለለልኝ ስንዴ ትዝ አለኝ፤
ጭብጥ አይሞላም።
በረንዳው ላይ፣ ከውሃ ጀሪካኖቹ አጠገብ፣
በሳህን አቀረብኩት፣ ለደስታ እናት።
ጢሱ ከኳሪው ማዶ ገና አልበረደም።
ስሟን አላውቅምና አልጠራኋትም፤
እንደ ማንኛዋም እንግዳ፣ ዐይን ዐይኗን ሳላይ፣
"ብዪ እንጂ" አልኳት፣ "ብዪ፣ አፈር ስሆን።"